የደረቁ እርጥብ ካናቴራ

ያ በጋ ክፉ በጋ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ስንቱ በጋ መጥቶ ሄዷል፤ እንደዚያ ያለ ግን ትዝ የሚለው ሰው የለም። ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ አንሶላው ከጀርባ ጋር ተጣብቆ አብሮ ይነሳል። የበር እጀታ እጅ ይለበልባል። ውሾቹ ከቆመ መኪና ሥር ገብተው ምላሳቸውን እንደ ጨርቅ አንጠልጥለው ይውላሉ፤ ሰውም ነውር ሆኖበት እንጂ ምላሱን ቢያወጣ ደስ ባለው ነበር። ሲመሽ ይበርዳል ሲባል ግድግዳው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት መልሶ ይተፋዋል። የጎረቤት ሰላምታ ሁሉ "ኡፍ!" ሆኖ ነበር፤ መልሱም "ኡፍ!"

ደረቁ የሚባለው ሰውዬ ጉዱ የፈላው በዚያ በጋ ነው።

ደረቁ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም። ሰውየው በአንድ የልብስ እጥበት ቤት የካውያ ሠራተኞች አለቃ ነበርና፣ ካውያ የሚገፉት ሴቶች ናቸው ያወጡለት። መጀመሪያ ከኋላው ነበር የሚጠሩት። በኋላ ጆሮው ገባና ወደደው! ይኸው ነው እንግዲህ ጠባዩ፤ ለስድብ የወጣለትን ስም እንደ ሹመት አንጠልጥሎት ይዞር ጀመር።

የካውያው ክፍል ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ረጅም ክፍል ነው። ከግድግዳው ማዶ ቦይለሩ ቀን ሙሉ ያጉረመርማል፤ ትኩስ ቧንቧ በሴቶቹ አናት ላይ ያልፋል። ካውያው እርጥብ ጨርቅ በነካ ቁጥር እንፋሎቱ "ሽሽሽ" ብሎ ፊት ላይ ይመጣል። ሴቶቹ ላቡ ከአፍንጫቸው ጫፍ ሳይወርድ በክንዳቸው ይጠርጉታል፤ በደንበኛ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ አንዲት ጠብታ ካረፈች ሥራው እንደገና ነዋ። በዚህ ሁሉ መሐል ደረቁ ጥቁር ኮቱን እስከ መጨረሻው ቁልፍ ቆልፎ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ይመላለሳል። ግንባሩ ላይ ጤዛ እንኳ የለም።

"እዩኝ" ይላል ቆም ብሎ። "እኔ ሰው አይደለሁም? የቆምኩት እዚሁ አይደለም? ላብ ማለት የሰነፍ እንባ ነው። ገላውን መግዛት ያቃተው ሰው ምኑን ሊገዛ ነው?"

በአጠገቡ የምትሠራ አንዲት ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ከሁሉም ይልቅ የሚያልባት እሷ ናትና "ዝናቧ" ብሎ ስም አውጥቶላታል። እሷም አፏ አያርፍም።

"አለቃ፣ እኔ እንኳ ዘንቤ ይወጣልኛል። ደመና ሆኖ መቅረት ነው የሚያሳዝነው" ትለዋለች፤ ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል።

እሱ አይስቅም። ሲስቅም ያየው የለም። ሰው ይህን እንደ ግርማ ይቆጥርለት ነበር። የሚጠጣ ውሃ ከካውያው ጠረጴዛ አጠገብ እንዳይቀመጥ የከለከለም እሱ ነው፤ "የጠጣችሁት ሁሉ በግንባራችሁ ነው የሚወጣው" ብሎ። ያ አልበቃው ብሎ፣ ሴቶቹ ትንሽ አየር ለማግኘት ወደ ግቢው መስኮት ጠጋ ጠጋ ሲሉ አየና ሚስማርና መዶሻ ይዞ መጣ። "የጋለ ገላ ንፋስ ከነካው ብርድ ይመታዋል፤ ለእናንተው ነው" እያለ ክፍሉ ያለውን አንድ መስኮት ቸነከረው። የእጥበት ቤቱ ባለቤት "ጠንቃቃ ነው" አለ። ሴቶቹ ያሉትን መጻፍ ነውር ነው።

አሁን እውነቱን የምታውቀው አንዲት ሴት ናት፤ ታላቅ እህቱ።

እህቱ እዚያው ቤት በጓሮ በኩል፣ በማለቅለቂያው ገንዳ ላይ አጣቢ ነበረች። እጆቿ ከውሃ ብዛት የተጨማደዱ፣ ፊቷ ቀልቶ ላብ የማይለየው፣ ዝምተኛ ሴት። ቤት ሲሆን "እትዬ" ይላታል። ከበሩ ሲገባ ግን "አጣቢዋ" ናት። እሷም "ወንድሜ" እንዳትለው አስጠንቅቋት "አለቃ" ትለዋለች። ሠራተኛው ሁሉ እህቱ መሆኗን ያውቃል፤ እሱ ግን ሰው አያውቅም ብሎ ያምናል። ዓይኑን የጨፈነ ሌላው የማያየው ይመስለዋል።

እህቱ ወንድሟን ሕፃን ሳለ ታስታውሰዋለች። ፀጉሩ ስስ፣ ቅንድቡ ያለም የሌለም፣ ጥርሱ ዘግይቶ የበቀለ፤ ሲበቅልም እዚህና እዚያ ተራርቆ፣ እንደ ሚስማር ጫፉ የሾለ። የማይስቀው ለግርማ ሳይሆን ለዚህ ነው፤ ባርኔጣውም እንደዚሁ። ፀሐይ በወጣ ቁጥር ገላው እንደ ምጣድ ይግል፣ ያለቅስ፣ ይዝልፈለፍ ነበር። እናታቸው ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ እህቱም ቀሚሷን ይዛ ተከተለች። ያኔ ነርሷ የተናገረችውን እስከ ዛሬ ቃል በቃል ትይዘዋለች።

"የሰው ገላ ሙቀቱን ራሱ ነው የሚጠብቀው" አለች ነርሷ። "ሲሞቀው ደሙ ወደ ቆዳው ይወጣል፤ ፊታችን የሚቀላው ለዚያ ነው። ቆዳው ላብ ያወጣል፤ ላቡ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ሲበርደው ደግሞ ደሙ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ ሥጋችን ተንቀጥቅጦ ሙቀት ይሠራል። የዚህ ልጅ ቆዳ ግን ላብ የሚያወጣበት ዕጢ የለውም። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ መውጫ የሌለው ምድጃ በይው።"

እናትየዋ አላለቀሰችም። "ላብ ከሌለው እኔ ላብ እሆነዋለሁ" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርጥብ ጨርቅ ከእጇ አልተለየም። ጨርቁን ነክራ ታለብሰዋለች፣ ንፋስ ባለበት ጥላ ታስቀምጠዋለች፣ ሲደርቅ እንደገና ትነክረዋለች። ልጁም እንደ ሰው ልጅ ሮጦ፣ ተጫውቶ፣ ሰድቦ አደገ። እናትየዋ ስትሞት ለሴት ልጇ የተወችው ቤት የለ፣ ወርቅ የለ። "ውሃውን አደራ" ነበር ያለቻት።

እህቱም አደራ በላ አይደለችም። አለቃ ከሆነም በኋላ፣ በቦይለሩ ክፍል በር ጀርባ ባለው ምስማር ላይ ሁልጊዜ አንድ ካናቴራ ተሰቅሏል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ተነክሮ፣ እንዳያንጠባጥብ ተጠምዝዞ። ደረቁ ንግግሩን አሳርጎ፣ ፊቱ ሲቀላና ራሱን ሲያዞረው "እስቲ ቦይለሩን ልይ" ብሎ ይወጣል። እዚያ ኮቱንና ሸሚዙን ያወልቅና የደረቀውን ካናቴራ ጥሎ፣ እርጥቡን ለብሶ፣ ኮቱን ቆልፎበት ይመለሳል። የኮቱ ምስጢር ይኸው ነው፤ ጥቁር ነው፣ እርጥበት አያሳይም። ባለቤቱ "እንደዚህ ቦይለር የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም" ይል ነበር። እህቱ የወለቀውን ስታነሳ ከካውያ ሥር የወጣ ይመስል ትኩስና ድርቅ ያለ ሆኖ ታገኘዋለች። መልሳ ትነክረዋለች።

አንድ ሰው በሌላ ሰው ውሃ ቆሞ እንዴት ላብን ይንቃል? ይንቃል እንጂ! እንዲያውም ከማንም በላይ።

በዚያ በጋ እህቱ የተጨመቀ ልብስ የሞላ ቅርጫት ተሸክማ ወደ ካውያው ክፍል ገባች። መንገዱ ፀሐይ ነው፣ ቅርጫቱ ከባድ ነው፤ ላቡ ከአገጯ ወረደና ከላይ ባለው አንሶላ ላይ ጠብ አለ። ደረቁ አየ።

"አንቺ አጣቢ!" አለ። "ይህን አንሶላ እንደገና እጠቢው። ላብሽን ይዘሽ እዚህ አትግቢ። ትሸቻለሽ!"

ካውያዎቹ ሁሉ ቆሙ። ዝናቧ "ኧረ አለቃ፣ እህ... እኔ ልተኩሰው" ብላ ቃሏን ዋጠች።

"ሌላ ጊዜ ከበሩ ላይ አስቀምጪ" አለ ደግሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ሰው ራሱን መያዝ አለበት።"

እህቱ አንሶላውን አንስታ ወጣች። ገንዳው ጋ ስትደርስ እጇ ለአንሶላው ሳይሆን ለካናቴራው ሄደ። የመለወጫው ሰዓት ደርሶ ነበርና ነከረች፣ ጠመዘዘች፣ ምስማሩ ላይ ሰቀለች። የእሷ ነገር እንዲህ ነው። ማን ምን ይላታል።

ባለቤቱ ያን ሰሞን ሌላ እጥበት ቤት ሊከፍት ሽር ጉድ ይል ነበር። አንድ ትልቅ ሆቴል የአንሶላውንና የጠረጴዛ ልብሱን ሥራ ሊሰጠው ፈልጎ፣ ሰዎቹ መጥተው ሥራውን ሊያዩ ቀጠሮ ይዘዋል። ሥራው ከተገኘ የአዲሱ ቤት ኃላፊ ደረቁ ነው። ባለቤቱ ለሆቴሉ ሰዎች "በቦይለር አጠገብ ኮት ለብሶ የማያልበው ሰው አለኝ" ብሎ ጉራውን አስቀድሞ ነዝቶላቸዋል። ደረቁ ይህን ሲሰማ ለዚያ ቀን ነጣ ያለ አመድማ ሙሉ ልብስ አሰፋ።

የዚያን ቀን ጠዋት እህቱ ልብሱን አየችና ደነገጠች።

"ይህ ውሃ ያሳያል እኮ" አለችው።

"ለዚህ ነው ዛሬ ውሃ የማልፈልገው፣ እትዬ።"

"አብደሃል? በዚህ ሙቀት? ቢያንስ ኮቱን አውልቀው፣ በመስኮት በኩል ቁም..."

"መስኮቱ ተዘግቷል።"

"ማን ዘጋው?" አለች እህቱ።

"ጨቀጨቅሽኝ! ከንግዲህ ሰው ልሁንበት። ዕድሜ ልኬን እንደ ሕፃን በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልዬ! ለአንድ ቀን ብቻ እችለዋለሁ፤ ገላ ማለት ልማድ ነው።"

ውሸቱን ደጋግሞ ሲናገር ኖሮ ኖሮ ራሱም አምኖት አረፈው። እህቱ "እንግዲህ እናታችን ትይህ" ብላ ወጣች። ካናቴራውን ግን ነከረች፤ ሰቀለችም።

የሆቴሉ ሰዎች መጡ፤ አንድ ሽማግሌና አንዲት የቤት አያያዝ ኃላፊ ሴትዮ። ገና ከበሩ ሲገቡ ሴትዮዋ በእጅ ቦርሳዋ ፊቷን ማራገብ ጀመረች፤ ሽማግሌው ክራቫቱን አላላ። ደረቁ በአመድማ ልብሱ እየተንጎማለለ ተቀበላቸው። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ ያሳያል፣ ያብራራል። "እንግዲህ እንደምታዩት እኔ..." ይላል።

"በእውነት አንዲት ጠብታ የለችበትም!" አለ ሽማግሌው።

"አላልኳችሁም?" አለ ባለቤቱ።

ዝናቧ ነች መጀመሪያ ያስተዋለችው። አለቃው ስለ አንሶላ ጀምሮ ስለ ባቡር ይጨርሳል። ፊቱ ቀይ ሥር መስሏል። ተራ በተራ ያያቸው የነበሩትን ሴቶች በማያውቃቸው ዓይን አያቸው፤ አንዷን "እማማ" አላት። ከዚያ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ጠረጴዛውን እይዛለሁ ብሎ አየሩን ያዘና ከነባርኔጣው ተዘረረ።

ትርምስ ሆነ።

"ምን ነካው?"

"ሙቀት ነው!" አለች ዝናቧ።

"የምን ሙቀት?" አለ ባለቤቱ። "ደረቁን? ሙቀት ቢሆን ያልበው አልነበር? ዳስሺው እስቲ፣ ጠብታ አለበት? ይሄ ብርድ ነው የመታው፤ ሲንቀጠቀጥ አላያችሁም? ግንባሩ እንዴት እንደሚያቃጥል! ሸፍኑት፤ ያልበውና ይለቀዋል።"

ይህን ሞኝነት ሌላ ሰው አይሠራውም፤ እነሱ ብቻ ናቸው። ሰውየው ዕድሜ ልኩን "ሙቀት አይነካኝም" ሲል አምነውታል፤ እንግዲህ ከሙቀት በቀር ሁሉም ነገር ሊገድለው ይችላል ማለት ነው። ከመተኮሻው ሥር የወጣ፣ ገና የሚጨስ የሆቴል ብርድ ልብስ ነበረ። በእሱ ጠቀለሉት። በላዩ ሌላ ደረቡ። በሩንም ንፋስ እንዳይገባ ዘጉት። ሚስማሩን የመታው፣ ወሬውን የዘራው ራሱ፤ አሁን በገዛ ጉራው ተጠቅልሎ ሊበስል ነው። ሲያጌጡ ይመላለጡ የሚባለው ይኸው ነው።

እህቱ በጓሮ ጫጫታውን ሰማች። የቦይለሩን ክፍል በር ገፍታ ምስማሩን አየች፤ ካናቴራው እንደሰቀለችው እርጥብ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ማለቅለቂያውን ባልዲ ሞልታ እየሮጠች መጣች፤ በሩን በትከሻዋ ገፋችው። ወንድሟ የት እንዳለ አልታያትም። የታያት የብርድ ልብስ ክምር ነው።

"አውልቁለት!" ብላ ጮኸች።

"ተይ አንቺ ሴት፣ ገና አላበውም" አለ ባለቤቱ።

ይህን ምስጢር ስንት ዘመን በአፏ ውስጥ ይዛዋለች። አሁን ብትናገር ሹመቱ፣ ስሙ፣ ሰው መሆኔ የሚለው ነገር ሁሉ እንደሚናድበት ታውቃለች። ባትናገር ደግሞ የሚናደው እሱ ራሱ ነው።

"አያልበውም!" አለች። "ሲፈጠር ላብ የለውም! ወንድሜ ነው፣ ወንድሜን ልትገድሉት ነው! እስከ ዛሬ በእኔ ካናቴራ ነው የኖረው!"

ብርድ ልብሱን ገፈፈች። አዲሱን ኮት ቁልፉን እየበጠሰች አወለቀችው። ባልዲውን ከራሱ እስከ እግሩ ቸለሰችበት፤ ውሃው ጫማውን ሞልቶ በወለሉ ሄደ። ሴቶቹ ገባቸው። ልብስ የሚረጩበትን ውሃ እያነሱ፣ ለሸሚዝ እንደሚያደርጉት በመዳፋቸው ረጩት። አንሶላ ይዘው አራገቡለት።

"ንፋስ! ንፋስ ያስፈልገዋል፣ ውሃው እንዲደርቅበት!"

"መስኮቱ ተቸንክሯል" አለች አንዷ።

ዝናቧ ገመዱን ነቀለችና ካውያዋን በሁለት እጇ አንስታ በመስኮቱ ላከችው። መስታወቱ ግቢው ውስጥ ተንኮታኮተ። ንፋሱ ገባ፤ ያን ያህል የተጠላው ንፋስ። ያ ሁሉ እርጥብ ልብስ፣ ያ ሁሉ ያላበው ፊት ባንድ ጊዜ ቀዝቀዝ አለ፤ የሆቴሉ ሴትዮ "እፎይ" ስትል ተሰማች።

ደረቁ ብዙ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ። እህቱ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ በእናታቸው አያያዝ እርጥብ ጨርቅ ግንባሩ ላይ ይዛለች። ከአፉ መጀመሪያ የወጣው ቃል ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "እህቴ" አይደለም፤ "ውሃ"ም አይደለም።

"ልብሴን ማነው ያረጠበው?" አለ።

"እኔ ነኝ አለቃ" አለች ዝናቧ፣ ላቧን እየጠረገች። "ዘነብኩብህ።"

ሐኪም ቤት ወሰዱት፤ ዳነ። ባለቤቱ ደግሞ እንደተፈራው ላብ ስለሌለው አልጠላውም። ሊጠይቀው ሄዶ "ይሄ ሕመም ነው እንዴ የሚያሳፍር? ነግረኸኝ ቢሆን ቀዝቃዛ ቦታ ላይ አስቀምጥህ ነበር" አለው። ቀጥሎ ግን "ታዲያ ለራስህ አየር እንደዚህ የሚያስፈልግህ ሰው፣ መስኮቱን ለምን ቸነከርከው?" ብሎ ጠየቀው። ደረቁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አዲሱ ቤት በዚያች ጥያቄ ላይ ቀረ፤ ሌላ ሰው ተሾመበት።

በደለኛዋ ማን እንደሆነች ግን ለደረቁ ግልጽ ነበር።

"አዋረድሽኝ፣ እትዬ" አላት ቤት ሲመለስ። "በሰው ፊት፣ በሆቴል ሰዎች ፊት!"

"አዎ" አለች እህቱ። "በሕይወት እያለህ አዋረድኩህ። ሞተህ ቢሆን ተከብረህ ነበር።"

ባርኔጣውንና ጥቁር ኮቱን ይዞ ሄደ። ደህና ሁኚም አላላት። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ አንዳንዱን ግን መከራም አይመክረው፣ አኩርፎት ይሄዳል።

እህቱ ለብዙ ጊዜ ካናቴራ መንከሯን አልተወችም ይባላል። እጇ ለምዶ ነው። ነክራ፣ ጠምዝዛ፣ ምስማሩ ላይ ከሰቀለችው በኋላ ነው ማንም እንደሌለ ትዝ የሚላት። ዝናቧ አይታት አንድ ቀን "ስጪኝ እስቲ" ብላ ወሰደችና አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። "አቤት! ለዚህ ነዋ እንደዚያ የሚንጎማለለው!" አለች። ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሳቁ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ምስማር ላይ የሚሰቀለው ጨርቅ የሁሉም ሆነ። የተሰበረውም መስኮት እስከ ክረምት መስታወት አልገባለትም፤ ማንም እንዲገባለት አልጠየቀም።

ደረቁን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው የእጥበት ቤቱ ሾፌር ነው። ወደብ አጠገብ ባለ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን፣ በረዶ በሚጫንበት በር ላይ ተረካቢ ሆኖ ይሠራል። እዚያ ሁሉም ሰው ኮት ይለብሳል፤ የሚያልበውም የለም። ሾፌሩ "እህትህ ሰላም ብላሃለች" ሲለው "የትኛዋ?" አለው። አንዲት ናት ያለችው። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ የሰማ የለም፤ እዚያው በሩ ላይ ሳይሆን አይቀርም።